ባላያትም አለች

ዛሬ ጠዋት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ በልደታ ሳልፍ ከቤተክርስቲያኗ ግቢ የእርጥብ ጥድ ሽታ አወደኝ። ራሷን ግን ፎቆቹ ጋርደዋታል።

በጣልያን ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ በዚሁ መንገድ አያቴን እመራ ነበር። ዓይናቸውን ዘመቻ ላይ የመርዝ ጭስ አጥፍቶታል። መንገዱ ዳር የጣልያን ባንዲራ ተሰቅሎ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ እጅ እንዲነሳለት ታዟል።

አንድ ቀን አያቴ ቀና እንዳሉ አለፉት። ባንዲራውን የሚጠብቀው ወታደር ጮኸ፤ አስተርጓሚው መጣ።

«ለባንዲራው ለምን እጅ አይነሱም?»

«ዕውር ነኝ፣ ልጄ። ያላየሁትን እንዴት እጅ ልንሳ?»

ወታደሩ ስቆ ለቀቀን። ጥቂት እንደሄድን የጥዱ ሽታ መጣ። አያቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወደ ልደታ ዞረው፣ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱ። ወታደሩ እየሮጠ ደርሶ ጠመንጃውን ደገነባቸው።

«ይቺንስ በምን አየሃት ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«አላየኋትም። ባላያትም አለች» አሉ አያቴ።

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፤ ጠመንጃው ወረደ። እኔ ደረቴን ነፍቼ መራኋቸው። ራቅ ስንል ግን አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ ባንዲራውስ ባያዩትም አለ አይደል?»

«አለ እንጂ። ግን ካላዩት ይቆጣል። እሷ መች ተቆጥታ ታውቃለች?»

ዛሬም ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሽታው ወደመጣበት ዞሬ ሰገድኩ።

«እማማ፣ ቤተክርስቲያኗ እኮ ከዚህ አትታይም» አለኝ አንድ መንገደኛ ወጣት።

«አውቃለሁ» አልኩትና ደግሜ ሰገድኩ።