ቆዳ ዋጋ ያጣ ጊዜ

አውቶቡሱ ሞጆ ሲደርስ ሰው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ነው። ባለፈው አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ «እማማ፣ ይዝጉት እንጂ» አለችኝ። ምን ታድርግ፣ የአባቴ ሽታ መሆኑን በየት ታውቀው!

አባቴ ከወሎ መጥቶ አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የከተመ የቆዳ ነጋዴ ነበር። ጓሯችን ውስጥ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፤ የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ግቢው በሙሉ ይከረፋ ነበር። የደረቀውን አንድ ዓረብ ነጋዴ ከኛ ይገዛና በባቡር ወደ ጂቡቲ ይልከዋል።

እንደ አባቴ ክፉ ቀን የሚፈራ ሰው አላየሁም። ያለውን አንድ ቦታ አያኖርም። ሲሶውን ቆዳ ይገዛበታል፤ በሲሶው ጨው ያከማቻል፤ በቀረው ላም ገዝቶ ወለንጪቲ ላለ ኦሮሞ ወዳጁ ለርቢ ይሰጣል። ወዳጁ ከብቱን ያረባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ።

«ቆዳው ቢበላሽ ጨው አለኝ፤ ጨው ቢሟሟ ላሞቼ ሜዳ ላይ ናቸው» ይል ነበር።

እናቴ ትስቅበታለች። «እህልስ?» ትለዋለች።

«እህል ነቀዝ ይበላዋል።»

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዓረቡ ነጋዴ በእግሩ መጣ። ያቀረብንለትን ውኃ እንኳ አልነካም። «ባሕር ማዶ ቆዳ የሚገዛ ጠፋ» አለ።

«ዋጋው ወረደ ማለትህ ነው?» አለው አባቴ።

«ዋጋ የለም ነው የምልህ።»

እኛ ድርቅ እናውቃለን፤ የከብት በሽታም እናውቃለን። ቆዳ ዋጋ የለውም ሲባል ግን ማን ሰምቶ ያውቃል? አባቴ ጨው አለኝ ብሎ ወደ ጨው ዞረ። ለካ ከኛ ጨው በብዛት የሚወስደው ያው ቆዳ አድራቂው ኖሯል! ቆዳው ሲቆም ጨውም አብሮ ቆመ። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ?

ላሞቹ ቀሩ። ሊሸጣቸው ሲነሳ እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። «ይተዉአቸው፣ ልጆቹን ያኖሩልናል» አለችው። «ነገ ይብሳል» ብሎ እኔን አስከትሎ ወለንጪቲ ወረደ።

የዚያን ቀን ገበያ እስካሁን አልረሳውም። የአዳማ ቆዳ ነጋዴ ሁሉ እንደ አባቴ ፈርቶ፣ እንደ አባቴ ከብቱን ለርቢ ሰጥቶ ኖሯል፤ ሁሉም ባንድ ቀን አውጥቶታል። አቧራው ፀሐይዋን ጋርዷታል፤ ላሞች ይጮኻሉ፤ ገዢ የለም። ወዳጁ ክንዱን ያዘው። «ወንድሜ፣ ዛሬ አትሽጥ። እንመልሳቸው፣ ሣር አለ» አለው። አባቴ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም፤ ፍርሃቱ ይዞታል፤ በተሰጠው ሸጠ። ያመጣውም ክረምቱን አላሻገረንም።

ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወ። ቆዳው ጓሮ ውስጥ ብል በላው፤ እኛም እየተራብን መተኛት ለመድን። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ ሞቶ ቢሆን ይሻለው ነበር እላለሁ፤ አላህ ይማረኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ወዳጁ አንዲት ላም እየነዳ ደጃችን ቆመ። «ነጋአ?» አለ እንደ ወትሮው፤ ሰላም ናችሁ ማለቱ ነው። እናቴ ወጣች። «ከርቢው ለኔ የደረሰችኝ ናት፤ ልትወልድ ተቃርባለች» አላት እናቴን፤ «ልጆቹ ይጠጡ» ብሎ ገመዱን እጇ ላይ አኖረው። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ሁሉን ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ላሚቱ ወለደች፤ ያደግነውም በሷ ነው። እናቴ ከኛ ከልጆቹ በፊት ለአባቴ ወተቱን በዋንጫ ትቀዳና መደቡ ላይ ታኖርለት ነበር፤ ሲመሽ እንደሞላ ታነሳዋለች። እስኪሞት ድረስ አንዲት ጉንጭ አልቀመሰም።