የአባቴ ፒክአፕ ፉጨት

የአባቴ ፒክአፕ ጎባን እስክታልፍ ድረስ ምንም አትሆንም ነበር። ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ስትጀምር ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ጉልበት ታጣለች፣ በመጨረሻም በአንደኛ ማርሽ ትንፏቀቃለች። ሦስት መካኒኮች አዩልኝ። አንዱ የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ ሌላው ፓምፑን አስፈትሾ መለሰ፣ ሦስተኛው አዲስ የአየር ማጣሪያ ገጠመላትና ከፍታው ነው አለኝ። ባሌ ውስጥ መኪና ሲደክም ጥፋተኛው ሁልጊዜ ከፍታው ነው።

አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሮቤ ያለ አንድ መኪና ነጋዴ ፒክአፗን ተቀብሎ በምትኳ አነስ ያለች መኪና ሊሰጠኝ ተስማምተን ቀን ቆርጠናል። ችግሯን ስነግረው ሳቀ። የሚገዛት ሰው ይድረስበት፣ አንቺ ምን ቸገረሽ አለኝ። እኔ ግን እንጀራዬ ዜና መጻፍ ነው፤ ያላጣራሁትን ነገር ለሰው ማስተላለፍ አይሆንልኝም። ደግሞም አባቴ እንደ ሰው የሚንከባከባትን መኪና፣ ሕመሟን እንኳ ሳላውቅ ልሰጣት አልፈለግሁም።

በርክክቡ ዋዜማ የአባቴ የቀድሞ መካኒክ ወደነበሩ ሽማግሌ ወሰድኳት። ሞተሩን አላስነሱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ስንዴ ነው።

«የመጨረሻውን አጨዳ ከሲናና እርሻ ያመጣው አባትሽ ራሱ ነው?»

እሱ ነው አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ኮምባይነሩ አጠገብ ቆሞ ጆንያ ሲያስጭን እንደዋለ፣ በዚያው ሳምንት ታሞ እንደተኛና እንዳልተነሳ ነገርኳቸው።

«አላህ ይዘንለት» አሉና ከማጣሪያው በፊት ባለው የአየር ቱቦ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። እብቅ የጠጣ ጨርቅ ጎትተው አወጡ። የአባቴ ሽርጥ ቁራጭ ነበር፣ ሰማያዊ መስመር ያለው። በአጨዳ ሰሞን ባለመኪኖች እብቅ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ አየር በሚያሳልፍ መጠን ጨርቅ ይወትፋሉ፤ አጨዳው ሲያልቅ ያወጡታል። እሱ ሊያወጣው አልተመለሰም።

አብረን በጎባ በኩል ወጥተን ዳገቱን ሞከርናት። በሦስተኛ ማርሽ ወጣች፣ ጭስም የለም። አንድ ነገር ግን ጎደለኝ፤ ቀጭን ፉጨት። ልጅ ሆነን በአጨዳ ወራት አመሻሽ ላይ ያን ፉጨት ስንሰማ መጣ ብለን በሩን ለመክፈት እንሽቀዳደም ነበር። እነዚህን ሁለት ዓመታትም ስነዳት አብሮኝ ነበር፤ ከምን እንደሚመጣ አላወቅሁም እንጂ።

ጋራዡ ስንመለስ «አባባ፣ ጨርቁን አንዴ ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

እብቁን ሳያራግፉ መልሰው ወተፉት። አስነሳኋትና ነዳጅ ሰጠኋት። ፉጨቱ መጣ። መሪውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፤ ሽማግሌው መስኮቱን በጣታቸው መቱ።

«ይበቃል ልጄ፣ አፈንሻት።»

በማግስቱ ነጋዴው አስነስቶ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሽርጡ ከቱቦው ወጥቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እብቁ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ተራግፏል።

«ጤነኛ ናት» አለኝ።

ጤነኛ ናት አልኩና ቁልፉን ሰጠሁት።