ብቻዬን እስከ ሊማሊሞ

ከጎንደር የተነሣሁት በጥቅምት ወር፣ ሰኞ ማለዳ ነው። የጉዞዬን ምክንያት ለጠየቀኝ ሁሉ እውነቱን ነገርኩ፤ ያመነኝ ግን አልነበረም። ለንግድ አልሄድኩም፤ ጸበል ልጠመቅ አልሄድኩም፤ የታመመ ዘመድ ልጠይቅም አይደለም። ጥቂት ቀን ብቻዬን ለመሆን ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብሮኝ ይሰፋ የነበረው ባለቤቴ አለባቸው ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ተዝካሩም ወጥቷል። ልጃችን ወታደር ሆኖ ሐረር ነው ያለው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለአንድ አፍታ እንኳ ብቻዬን የተውኝ ጊዜ የለም። ስተኛ አጠገቤ የሚተኛ ሰው አለ፤ ዝም ስል "ምነው ተከዝሽ?" የሚል አለ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ እኅትና ወንድም ከሞላበት ቤት በቀጥታ ወደ ትዳር ነው የገባሁት። ጠጉሬ ሽበት እስኪያወጣ ድረስ ብቻዬን አድሬ አላውቅም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አያ ካሣሁን ደግሞ ቤቴን አከራይቼ እሱ ግቢ እንድገባ ወስኗል። ጉዞውን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

"አንድ ሌሊት እንኳ ብቻሽን አትችይውም። ደግሞስ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የሚለውን ስመለስ ትነግረኛለህ" አልኩትና ቦርሳዬን አነሣሁ።

አምባ ጊዮርጊስ

ከአራዳ ወደ ሰሜን የምትሄደው ማኪና ጭነትም ሰውም አንድ ላይ ነው የምትይዘው። እኔ ከጨው ጆንያና ከቆርቆሮ ክምር መሀል ቦታ አገኘሁ። ጣሊያን የሠራው መንገድ ክረምቱ ሸርሽሮት ስለነበር ሾፌሩ በየጉድጓዱ ፍሬን ይይዛል፤ እኛም በየጉድጓዱ እንነሣለን፣ እንቀመጣለን። ኮሶዬን ስናልፍ በስተግራ መሬቱ ድንገት ገደል ሆኖ ወረደ። ከታች ቆላው እስከ ዓይን ማብቂያ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። ተሳፋሪው ሁሉ ስለ በሬ ዋጋ ያወራ ነበርና ቀና ብሎ ያየ የለም። እኔ አየሁ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የወገራ ገብስ ቢጫ ሆኖ ሊታጨድ ደርሷል። ማኪናዋ ጭነት እስክታራግፍ ድረስ ምሳ ፍለጋ አንዲት ጠላ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። አይተውኝ ወዲያው ከነጋዴዎቹ ገበታ ላይ ቦታ ሊያስለቅቁልኝ ተነሡ።

"ይቅርታ እማማ፣ ለብቻዬ ቢያቀርቡልኝ" አልኩ።

"ምነው ልጄ፣ ተጣልታችሁ ነው?"

"አንተዋወቅም።"

"ታዲያ ብቻሽን እንዴት ይበላልሻል?"

ሽሮዬን በትንሽ ሣህን አመጡልኝ። ሰው ጎረሰ አልጎረሰ ብዬ ሳላይ፣ ለማንም ሳልቆርስ፣ ማንም "ብዪ እንጂ" ሳይለኝ በላሁ። ሽሮው ውስጥ ኮረሪማ እንዳለበት አወቅሁ። በቤቴ ስንት ዘመን ሽሮ ሠርቻለሁ፤ ጣዕሙን እንዲህ ተከትዬው አላውቅም። ሴትዮዋ ሣህኑን ሲያነሡ ባዶነቱን አይተው "ውይ፣ በልቶልሻል!" ብለው ሳቁ።

ደባርቅ

ዳባትን አልፈን ደባርቅ የገባነው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው። አንዲት ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ መበለት ከግቢያቸው ጥግ አንዲት ክፍል አከራዩኝ። የጭቃ መደብ፣ ቁርበት፣ አንድ ባና፣ ሌላ ምንም የለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ልባቸው አላረፈም።

"የእኅቴን ልጅ ልላክልሽ፤ ታጫውትሻለች።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብቻዬን ልደር።"

"አትፈሪም?"

"እንጃ። አላውቀውም።"

እውነቴን ነበር። በሩን ስቀረቅር ልቤ እንደ ሌባ ደነገጠ። መደቡ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም። ማንም አልጠራኝም። ነጠላዬን ባሻኝ ጥግ ጣልኩ፤ እግሬን እንደ ልጅ ዘረጋሁ። ትንሽ ቆይቶ የሚያንጎራጉር ሰው ሰማሁና ከየት ነው ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። እኔው ነበርኩ! ዜማው በልጅነቴ ጥጥ ስፈትል የማንጎራጉረው ነው። እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ስነቃ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን ገብቷል። አያ ካሣሁን አትችይውም ያለኝ ሌሊት አልፎ ኖሯል።

ገደሉ ጫፍ

በማግስቱ ዳቦና ውኃ ይዤ ወደ ሊማሊሞ በእግሬ ወጣሁ። አውራውን የማኪና መንገድ ትቼ፣ አንድ ጅረት በስተግራዬ አድርጌ፣ በገብስ ማሳ መሀል በሚያልፈው የእግር መንገድ ሄድኩ። መንገዱ አንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ጋ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጥቋቁር ድንጋይ የተከመረበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ገደሉ ነው። የማወራው ሰው ስላልነበረ ሁሉንም አየሁት።

ጫፉ ላይ ስደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከእነሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ከእግሬ በታች ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቧል፤ የማኪናው መንገድ እንደ ክር ተጠማዝዞ ይወርዳል። ይህ አገሬ ነው አልኩ። ከጎንደር ያን ያህል ሳይርቅ እስከዚህ ዕድሜዬ አላየሁትም፤ አሁን ግን በገዛ እግሬ መጥቼ አየሁት።

እዚያ ተቀምጬ አለባቸው ትዝ አለኝ። በለቅሶ ቤት ስለ እሱ ያሰብኩት ሁልጊዜ ሰው ፊት ነው፤ እንግዳ ሲገባ አለቅሳለሁ፣ ሲወጣ ዝም እላለሁ። ያን ቀን ግን የስፌት ማኪናው ሲያስቸግረው እንደ በቅሎ እያባበለ "ነይ የኔ ሸጋ፣ ዛሬ ብቻ" የሚለው ትዝ አለኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳቅሁ። መበለት ስትስቅ የሚታዘብ ሰው አልነበረም። ቀጥዬም አለቀስኩ፤ የሚያባብለኝ ስላልነበረ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ከሞተ ወዲህ ከባሌ ጋር ብቻችንን የሆንነው ያን ቀን ነው።

ጉሙ

ወደ እኩለ ቀን ግድም ከገደሉ ሥር ጉም ተነሣ። መጀመሪያ ጭላዳዎቹን ዋጣቸው፤ ቀጥሎ የገዛ እጄን እንኳ ዘርግቼ ማየት አቃተኝ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ወዲያው ግን ጅረቱን ሰማሁት። ስመጣ በግራዬ ነበር፤ ስመለስ በቀኜ ይሆናል። ጥቋቁሩን ድንጋይ በእጄ እየዳበስኩ አገኘሁት። ልቀጥል ስል በገደሉ በኩል የሰው ጩኸት መጣ።

"ኧረ የሰው ያለህ!"

"አለሁ! ካላችሁበት አትነቃነቁ!" ብዬ ጮኽኩ።

በድምፃቸው እየተመራሁ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ጥጥ የጫኑ ሁለት አህዮች የያዙ ሽማግሌና ሚስታቸው ናቸው፤ ከቆላ በአቋራጩ ወጥተው ለደባርቅ ገበያ ሲመጡ ጉሙ መንገድ አሳታቸው። የፊተኛዋን አህያ ተደግፌ በእግሬ ስዳብስ ከፊቷ መሬት አልነበረም። አንገቷን ይዤ ቀስ አድርጌ መለስኳት።

"መንገዱን ታውቂዋለሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"ዛሬ ነው ያየሁት አያ። ግን አይቼዋለሁ።"

ድንጋዩን፣ ከዚያ ወይራውን፣ ከዚያ የገብሱን ማሳ እያገኘሁ፣ ጅረቱን በቀኜ እያዳመጥኩ መራኋቸው። አሮጊቷ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው አልለቀቁም። ማሳውን ስናልፍ በአውራው መንገድ ላይ ዳገት የሚወጣ ማኪና ሲያቃስት ሰማን፤ ሽማግሌው አማተቡ።

"ሰዎችሽ የት አሉ?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነኝ።"

ዞር ብለው ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን። "ብቻሽን ሆነሽ እኛን አወጣሽ?" አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ። ለወንድሜም ለባሌም ሰው ባርኔጣ ሲያወልቅ አይቻለሁ። ለእኔ ሲወለቅ ግን የመጀመሪያው ነበር፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀበልኩት። ከሰው ጋር እያወራሁ ብመጣ ኖሮ ወይራውንም ድንጋዩንም አላስታውስም ነበር።

ጎንደር

ደባርቅ ትንሽ ሰንብቼ ከአስመራ በምትመጣ ማኪና ተመለስኩ። ቤቴ ደጃፍ ላይ አያ ካሣሁን ከሚስቱ ከሙሉነሽ ጋር ተቀምጦ ጠበቀኝ። እሱ ግቢ ክፍል አዘጋጅቶልኝ፣ ለቤቴም ተከራይ አግኝቶ ነበር።

"ማን አብሮሽ ነበር?" አለ ገና ሳልቀመጥ።

"ማንም።"

የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። አህያዋ ጋ ስደርስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ "አያ፣ እኔ ቤቴን አልለቅም" አልኩት። "ኑ፣ ጠይቁኝ፤ አብረን እንብላ። ሲመሽ ግን ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ። የሚያድር ሰው አልፈልግም። ስላዘንኩ አይደለም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን "ብርዱ አልጎዳሽም?" አለኝ። አንድም የቁጣ ቃል አልጨመረም። ተከራዩን እንደሚመልሰው ተናግሮ ተነሣ።

ብቻ መሆን የሰው መጥላት መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ ስመለስ ግን ወንድሜን ከመሄዴ በፊት ከማየው አጥርቼ አየሁት። አርጅቷል፤ ለእኔም ፈርቷል። ትከሻውን ሳምኩት።

እሱ ከግቢው ሲወጣ ሙሉነሽ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ወደ ኋላ ቀረች። ሰባት ልጅና ከገጠር የሚመጣ እንግዳ የማይለየው ቤት ነው የምታስተዳድረው። ወንድሜ መራቁን አይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ማኪናዋ ከአራዳ የምትነሣው ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።