ያልተገደበው ጥቅል

ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ መርፌዋን ከነክሩ ኮሌታዋ ላይ እንደሰካች መጥታ ስልኳን ለስልክ ድርጅቱ ሠራተኛ አቀበለቻት።

«ያልተገደበ ጥቅል ብላችሁ ሸጣችሁልኝ፤ ይኸው በቪዲዮ ስደውል ምስሉ ይንቀራፈፋል።»

«አልተገደበም እኮ፣ እትዬ። ብዙ ስለተጠቀሙ ፍጥነቱ ነው የቀነሰው፤ ወሩ ሲያልቅ ይመለሳል። እስከዚያ በድምፅ ይደውሉ።»

«ለእህቴ በድምፅ?» ሳቋ መጣ። «ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ ልጄ። የእኛ ወሬ በእጅ ነው። ምስሉ ቆሞ የጨበጥኩት እጅ አየር ላይ ቀጥ ሲልባት የተቆጣኋት እየመሰላት ታለቅሳለች።»

ሠራተኛዋ ስልኩን መለሰችላት። ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ስልኩን ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ ደወለች። መዳፏን ደረቷ ላይ አሳርፋ፣ ምስሉ እህቷ ጋ እስኪደርስ ሳታነቃንቀው ጠበቀች። ከዚያ ሁለተኛውን ቃል በእጇ ጀመረች፤ እሱም እስኪደርስ ጠበቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ እህቷ ሳቀች።