የአዴ ጽጌ አመድ

ጤዛ የነካው አመድ በሸተተኝ ቁጥር አምቦ ያለው የቤታችን ጓሮ ይመጣብኛል። አንድ ክረምት እናቴ አንዲት መደብ ሰጥታኝ የራሴን ጎመን ተክዬ ነበር፤ ዝናቡ ተመችቶት ቅጠሉ እየሰፋ ሲሄድ፣ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ደብተሬን ሳላስቀምጥ ሄጄ አየው ነበር። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲበረታ ግን ከቅጠሉ ሥር ጥቃቅን ተባይ ፈልቶ ጎመኑ ይጨማደድ ጀመር። አባቴ አይቶ «እስከ ቅዳሜ ካላገገመ ነቅለን ነጭ ሽንኩርት እንተክልበታለን» አለኝ።

እናቴ የእንጨት አመድ ተባዩን እንደሚያባርር ታውቅ ነበር፤ ሆኖም እኛ የምናበስለው በቡታጋዝ ስለነበር አመድ አልነበረንም። አመድ የሚትረፈረፈው ከአጥሩ ወዲያ፣ አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን ከሚያሳድጉት ከአዴ ጽጌ ቤት ነበር። ፕሮቴስታንቱ አባቴ ደግሞ እዚያ ቤት እንዳንረግጥ ከልክሎን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ጣሳ ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። አዴ ጽጌ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ኮቱ፣ ነይ!» አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው «አባትሽ ኦቦ ተስፋዬ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ጣሳዬን ዘረጋሁላቸው። የቀዘቀዘውን አመድ መርጠው እየሞሉልኝ «አባትሽ ከተቆጡ፣ አመድ አያሰክርም በያቸው!» ብለው ሳቁ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ታቹን በሚስማር በበሳሁት ጣሳ አመዱን ስነሰንስ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ከየት አመጣሽው?»

እየፈራሁ ነገርኩት፤ የአዴ ጽጌንም መልእክት ሳላስቀር አደረስኩ። አባቴ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ገለበጠና «ከሥሩም ነስንሺ እንጂ፣ ተባዩ ያለው እዚህ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ መጥቶ ሲያልፍ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ማንም አላነሳም። በጥቅምት የመጀመሪያውን ጎመን ስንቆርጥ አባቴ ራሱ አንድ እስር ለይቶ «ለባለ አመዷ አድርሺ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በየበጋው አመድ ወደ እኛ፣ ጎመን ወደ እሳቸው በዚያች ቀዳዳ ይመላለስ ነበር።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ባለፈው እረፍት ቤት ስሄድ ቀዳዳዋን አጣኋት፤ በቦታዋ አባቴ ትንሽ የእንጨት በር ሠርቷል። ያኔ እኔ ቀሚሴ እየተያዘ በደረቴ የምሳብበትን አጥር፣ ዛሬ እሱ ጣሳውን ይዞ ቀጥ ብሎ ያልፈዋል።