ሃሎዊንና የአባቴ ለቅሶ

ከብቸና የተነሳሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። አባቴ ከሞጣ ድረስ በበቅሎ ሸኝተውኝ፣ ወደ ደጀን የሚወርደው የጭነት መኪና ላይ ዕቃዬን ጫኑልኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ «እንግዲህ የሰው አገር ነው፤ ያጎረሱሽን ጉረሺ!» ብለው ጮኹ። ሞጣ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነበርኩ፤ ነርስነት ልማር ስኮትላንድ፣ ግላስጎው መሄዴ ነው።

ግላስጎው፣ እናንተዬ፣ ክረምት የማይወጣበት አገር ነው! ዝናቡ እንደኛው ነጎድጓድ የለውም፤ ዝም ብሎ ያካፋል። ምግባቸው ድንች ነው፤ ከድንቹ ጋር ደግሞ ድንች። ቤት ያከራዩኝ ባልቴት፣ ሚስስ ማክሬ፣ በርበሬዬን አሽትተው ሦስቴ አስነጠሱና፣ «መድኃኒት ነው?» አሉኝ።

«የወጥ ነው» ብላቸው፣

«እንግዲያስ መስኮት ከፍተሽ ብዪ» አሉ።

ጥቅምት ላይ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ነሐሴ ላይ አርፈዋል፤ አርባቸውም ወጥቷል። ለማን ልንገር? በሰው አገር ለቅሶ የሚደርስ የለም ብዬ ደብዳቤውን አጥፌ ሥራ ገባሁ።

በዚያው ሳምንት፣ አንድ ምሽት ከሆስፒታል ስመለስ፣ በራችን ላይ እሳት የጎረሰ ጥርሳም ፊት ተቀምጧል። «በስመ አብ!» ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሚስስ ማክሬ እየሳቁ ወጡ። ለካ ተርኒፕ የሚሉትን ሥራ ሥር ፈልፍለው፣ ዓይንና አፍ አውጥተው፣ ሻማ አብርተውበት ነው።

«ዛሬ ሃሎዊን ነው፤ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ» አሉኝ። «የጥንቶቹ ግን ክርስትና ሳይገባም ያከብሩት ነበር ይባላል። አዝመራው ተሰብስቦ ብርዱ ሲገባ፣ ሙታን ቤታቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ይሉ ነበር። ክፉ መንፈስ ለይቶ እንዳያውቃቸው ደግሞ ሰዎቹ ፊታቸውን ጥላሸት ይቀባሉ፤ እሳት ያነዳሉ።»

ወዲያው ጥላሸት የተቀቡ ልጆች በር አንኳኩ። ካልዘፈኑ ምንም አይሰጣቸውም። ሲዘፍኑ ቡሄ መሰለኝ፤ በሙልሙል ፈንታ ፖምና ለውዝ ይዘው ሄዱ።

ሚስስ ማክሬ ምድጃው አጠገብ ወንበር አስጠጉ፤ ሰሃንም አኖሩ። «ለሟቹ ባሌ ነው። አጉል እምነት ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።»

ያኔ አመለጠኝ። «አባቴ ሞተውብኛል።»

«መቼ?»

«ሁለት ወር አልፏቸዋል። የሰማሁት ግን በዚህ ሳምንት ነው።»

«ልጄን! ይህን ይዘሽ ነው ሥራ የምትውዪው?»

ተነሥተው ለአባቴም ሁለተኛ ወንበር ከመጀመሪያው ጎን አኖሩ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ። እንደ አገሬ «ወይኔ አባቴ!» ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤት ግድግዳውን ቢደበድብ፣ ሚስስ ማክሬ ጫማቸውን አውልቀው በሱ ግድግዳውን መልሰው ደበደቡ። «ለቅሶ ቤት ነው!» ብለው ጮኹበት።

በነጋታው ለእናቴ፣ «ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ ሰውም ደርሶኛል፤ አያስቡ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ወንበሩ አልጻፍኩም፤ የነፍስ አባታችን ቢሰሙ ምን ይላሉ? እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ቀብራችኋቸዋል። እኔ አፈራቸውን አላየሁም። እስካሁን ሞጣ ብገባ፣ በር ላይ ቆመው የማገኛቸው ይመስለኛል።