ጤና ጣቢያ የመሰለው ቤት

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ አያቴ ትዝ ይሉኛል።

አባቴ ወልቂጤ የዞኑ አርክቴክት ነበር፤ ዕድሜውን ጤና ጣቢያ ሲነድፍ ኖረ። አያቴ ታመው እኛ ዘንድ በከረሙበት ዓመት፣ ቸሃ ያለውን ጎጇቸውን ሳይነግራቸው አፍርሶ በብሎኬት ሠራላቸው። ሌላ ቤት መንደፍ አያውቅምና፣ ቁርጥ ጤና ጣቢያ!

ለመስቀል ወሰድናቸው። ምሰሶ የለ፣ ምድጃ የለ፣ ላሞቹ የሚያድሩበት የለ።

«መቃብሬን በቁሜ ሠራህልኝ» አሉት።

አባቴ ጎረቤት ፊት ሳቀ። «ይለመዳል፣ አባ።»

አያቴ ክትፏቸውን ሳይነኩ፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ በሽተኛ በረንዳው ላይ ዋሉ።

ዛሬ ጡረተኛውን አባቴን ጓሮዬ ያሠራሁለትን ክፍል አሳየሁት። ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«መስኮቱ የሚያየው ግንብ ነው» አለኝ።

«ይለመዳል» አልኩት።